የሚያብለጨልጨው ዱቄትና ዓይናችን

(የሙሽራ ሜካፕ ሥራ የምትሠራ አባላችን በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አባላትና ለደጋፊዎቻችን እንዲደርስ እዚህ አትመነዋል።)



ኮሚቴው ስለ አይሻዶ፣ በተለይም ስለሚያብለጨልጨው ያልታመቀ ዱቄት እንድናገር ሲጋብዘኝ አንዳንድ እናቶች ፈገግ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። «ስለ ቁጠባና ስለ ልጆች ትምህርት ስንነጋገር ቆይተን አሁን ደግሞ ስለ መኳኳል?» ብለው የጠየቁም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ከመልሱ ልጀምር።

በመካከላችን ከቁጠባችን ብድር ወስደው የሙሽራና የሚዜ ሜካፕ ሥራ የጀመሩ እህቶች አሉ። ይህ ሥራ ትልቅ ሱቅ አይፈልግም። አንድ ሳጥን ዕቃ፣ ደህና መስተዋት፣ የለመደ እጅና ጥሩ ስም ካለ ይጀመራል። ከእነዚህ ሁሉ ለመገንባት ዓመታት የሚፈጀውና በአንድ ቀን የሚፈርሰው ስም ነው። ጥር ሲገባ ሠርጉ በላይ በላይ ይደራረባል፤ አንዷ ሙሽራ በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ብትነሳ ወሬው ከመልሱ በፊት ሰፈሩን ያዳርሳል። ያቺ እህታችን የምታጣው የዚያን ቀን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ብድሩንም የምትመልስበትን ሥራ ጭምር ነው።

ሥራው የማይመለከታችሁም ብትሆኑ ቤታችሁ ሴት ልጅ አለች፣ የእህት ልጅ አለች። ዱቄቱን ከገበያ ገዝታ መስተዋት ፊት ቆማለች። አትቀቢ ብንላት ተደብቃ ትቀባለች። እንዴት እንደሚቀባና ምን ዓይነቱ እንደማይገዛ ብናሳያት ግን ትሰማናለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ዱቄቱ ምን እንደሆነ፣ ቀጥዬ እንዴት እንደሚቀባ፣ ከዚያም ስንገዛና ስንዋዋስ ምን ማየት እንዳለብን እናገራለሁ። በመጨረሻ ለማኅበራችንና ለደጋፊዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ።

ዱቄቱ ምንድን ነው?

አይሻዶ በብዙ መልክ ይሸጣል። የታመቀው በትንሽ ዝርግ ቆርቆሮ ላይ ተጠቅጥቆ የሚመጣው ነው። እንዲታመቅ ዘይትና ማያያዣ ተጨምሮበታል። ያልታመቀው በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እንደ ዱቄት ልቅ ሆኖ ይመጣል፤ ብልቃጡ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም ብቻ ይይዛል። ማያያዣው ጥቂት ስለሆነ ብልጭታው ከታመቀው ይበልጥ ደማቅ ነው። በዚያው ልክ ግን ይበናል፣ ይረግፋል፣ ጉንጭ ላይ ይወርዳል፣ ዓይን ውስጥም ይገባል። ጥሩውም መጥፎውም ነገሩ ከአንድ ባሕርይ የመጣ ነው፤ ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዝ ነገር ብልቃጡ ውስጥ የለም። የሚይዘውን ነገር የምናዘጋጀው እኛ ነን።

ብልጭታው በአብዛኛው የሚገኘው ማይካ ከሚባል ማዕድን ነው። ማይካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየተላጠ የሚነሳ ድንጋይ ነው። ፋብሪካው ይህን ስስ ቅርፊት ይፈጨውና በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም በአይረን ኦክሳይድ ይለብጠዋል። አይረን ኦክሳይድ ማለት የብረት ዝገት ዓይነት ቀለም ነው። ብርሃን በልባጡ ላይኛውና ታችኛው ገጽ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ቀለም ይፈጠራል። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ሐምራዊና አረንጓዴ መስሎ ሲታይ አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ አንድ ነው። የልባጡ ውፍረት በጥቂቱ ሲለያይ ወርቃማው ወደ ቀይ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

የቅርፊቱም መጠን ለውጥ ያመጣል። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከ15 ማይክሮን በታች የሆነው ቅርፊት እንደ ሐር ለስለስ ያለ ወዝ ይሰጣል። እስከ 60 ማይክሮን ያለው እንደ ዕንቁ ያበራል። ከ100 ማይክሮን በላይ የሆነው ደግሞ አንድ በአንድ ብልጭ ብልጭ ይላል። የሰው ፀጉር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ስለሆነ፣ ይህ ትልቁ ቅርፊት ዓይን ውስጥ ሲገባ ለምን እንደ አሸዋ እንደሚቆረቁር መገመት አያቅትም።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፦ እያንዳንዱ ቅርፊት ትንሽ መስተዋት ነው። መስተዋት የሚያበራው በቆዳው ላይ ጋደም ብሎ ሲተኛ ነው። በብሩሽ ወዲያና ወዲህ ብንጠርገው ቅርፊቱ ይቆማል፣ ይገለበጣል፣ ይረግፋል፤ ብልጭታውም ይደበዝዛል። ቀስ ብለን ብንጫነው ይተኛል፣ ይይዛል፣ ያበራል። «እኔ ስቀባው አያምርም፣ እሷ ስትቀባው ያምራል» የሚባለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አቀባቡ

ከሁሉ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የዓይን ቆቡ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ላብና የፊት ቅባት ካለበት በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ተሰብስቦ መስመር ይሠራል።

ቀጥሎ ዱቄቱን የሚይዝ ሥር ያስፈልገዋል። ፕራይመር ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ስስ ኮንሲለር ይበቃል። ስስ ስል በጣም ስስ ማለቴ ነው፤ በቀለበት ጣት ነካ ነካ ተደርጎ ገና ሳይደርቅ፣ ሲነኩት ትንሽ የሚይዝ ሆኖ ሳለ ዱቄቱ ይከተላል። ቫዝሊን የሚጠቀሙ አሉ። ቫዝሊን መጀመሪያ ያበራል፤ ነገር ግን ስለማይደርቅ ቀለሙን ይዞ ወደ እጥፋቱና ወደ ዓይን ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ለምትቆም ሙሽራ አይሆንም።

የማያብለጨልጨውን ቀለም አስቀድሙ። ከደንበኛችሁ ቆዳ በአንድ ደረጃ የጠቆረ ቡናማ በዓይን ቆቡ እጥፋት ላይ በቀስታ ይሰራጭ። ብልጭታው መልክ የሚይዘው አጠገቡ የማያበራ ነገር ሲኖር ነው። ሁሉም ቦታ ካበራ ዓይኑ ያበጠ ይመስላል።

አሁን ብልቃጡን ክፈቱ፤ ብሩሽ ግን አትንከሩበት። በንጹሕ ማንኪያ መሳይ ማውጫ ወይም በክዳኑ ቀዳዳ በኩል የአንድ ምስር ፍሬ ያህል ወደ ትንሽ ሳህን አውጡ። ይህ ለሁለቱም ዓይን ይበቃል። ከሳህኑ የተረፈው ወደ ብልቃጡ አይመለስም። ብክነት ይመስላል፤ ግን የአንዷን ዓይን የነካ ብሩሽ የገባበትን ዱቄት መልሳችሁ ብትከቱ ብልቃጡ በሙሉ የሁሉም ዓይን ድምር ይሆናል።

ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ብሩሽ ያዙ። በንጹሕ ውኃ አርጥቡና በወረቀት ፎጣ ጨምቁት፤ ርጥበት ብቻ እንዲቀረው ነው። በምራቅ ማርጠብ አይሆንም፣ የራሳችን ዓይን ቢሆንም አይሆንም፤ የአፍ ጀርም ለዓይን ጠላት ነው። ብሩሹን ዱቄቱ ላይ ተጫኑት፣ በሳህኑ ጠርዝ ላይ አንዴ ሁለቴ መታ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ።

ደንበኛዋ ዓይኗን ትጨፍን፤ «ክፈቺ» እስክትሏት ድረስ እንዳትከፍት አስቀድማችሁ ንገሯት። ከዓይን ቆቡ መካከል ጀምሩ። ተጫኑ፣ አንሱ፣ ተጫኑ፣ አንሱ። አትጥረጉ። መካከሉ ሲሞላ ወደ ሁለቱ ጎን ሂዱ። መድመቅ ካለበት በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጫን ሁለተኛ ዙር ድገሙት። ዳርቻውን ምንም ቀለም ባልነካው ለስላሳ ብሩሽ አለስልሱ። ከሽፋሽፍቱ ሥር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። በሽፋሽፍቱና በዓይኑ መካከል ባለው ርጥብ ጠርዝ ላይ ደግሞ ምንም የሚያብለጨልጭ ነገር አይቀባም፤ እዚያ የሚያርፍ ቅርፊት የሚሄድበት ቦታ ዓይን ውስጥ ብቻ ነው።

የዓይን ሥራ ከፋውንዴሽን በፊት ይለቅ። የረገፈው ዱቄት ንጹሕ ጉንጭ ላይ ከሆነ በትልቅ ደረቅ ብሩሽ በቀላሉ ይነሳል። ፊቱ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ሲጠርጉት ይሰራጫል፤ ሙሽራዋም አገጯ ድረስ ታበራለች። አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ካለም ከዱቄቱ በኋላ ይለጠፍ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ሴት ሌንሷን ከመቀባቷ በፊት ታድርግ፤ ማታ ደግሞ መጀመሪያ ሌንሱን ታውጣ፣ ከዚያ ሜካፑን ታጥፋ።

እንዲያም ሆኖ ዱቄት ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ማሸት ክልክል ነው፤ ቅርፊቱ የዓይኑን ስስ ሽፋን ይጭራል። ሌንስ ካለ ይውጣ፤ ዓይኑ በንጹሕ ውኃ ለደቂቃዎች ይታጠብ። ከታጠበ በኋላ ሕመሙ፣ መቅላቱ ወይም ብዥታው ካልተወ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ እንጂ ጠብታ ከጎረቤት መዋስ አይገባም።

ማታ ሲጠፋም በጥጥ ላይ የሜካፕ ማጥፊያ አድርጉና የተጨፈነው ዓይን ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፉት። ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይጠረግ። ሜካፑን እንደተቀባች የምትተኛ ሴት ዱቄቱን ትራሷ ላይ ታራግፈዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ታሽበታለች።

ለእኛ ቆዳና ለእኛ ልብስ

ብዙ የሚያብለጨልጭ አይሻዶ ነጭ መሠረት አለው። በነጣ ቆዳ ላይ በረዶ መስሎ የሚያምረው ብርማ ቀለም በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ አመድ የነካው ይመስላል። ይህ የቆዳችን ጉድለት አይደለም፤ የምርጫ ጉዳይ ነው። በአይረን ኦክሳይድ የተለበጡት ወርቅማ፣ መዳብማና ነሐስማ ቀለሞች ሙቀት ስላላቸው ጠይሙንም ጥቁሩንም ቆዳ ያደምቃሉ። ወይን ጠጅና የወይራ አረንጓዴም ያምራሉ። ከመግዛታችሁ በፊት በክንድ ላይ ሞክራችሁ ከሱቁ መብራት ውጡና በፀሐይ እዩት።

ለሐበሻ ቀሚስ ቀለሙን ከጥለቱ ውሰዱ። ጥለቱ ወርቅማ ከሆነ ዓይኑም ወርቅማ፣ ግን ከጥለቱ ፈዘዝ ያለ ይሁን። ካባው ራሱ ስለሚያበራ ዓይኑ ከካባው ጋር መፎካከር የለበትም። ለፎቶ ደግሞ ትልልቅ ቅርፊት ያለው ዱቄት በካሜራ ብልጭታ ነጭ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ሐር የሚመስለው ደቃቁ ይሻላል።

እናቶቼ፣ እናንተንም አልረሳሁም። «የእኔ ዓይን ቆብ ተሸብሽቧል፣ ይህ ለልጆች ነው» አትበሉ። ብልጭታ እጥፋት ውስጥ ከገባ ሽብሽቡን ያጎላል፤ ይህ እውነት ነው። መላው ቆብ ላይ ከማድረግ ይልቅ ደቃቁን ዱቄት በመካከሉ ላይ ብቻ በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ፣ እጥፋቱን ደግሞ በማያብለጨልጭ ቡናማ መተው ነው። ለልጅ ሠርግ የሚቆም እናት ፊት ይህን ያህል ብርሃን ይገባዋል።

ስንገዛ

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። አገራችን ውስጥ የውበት መጠበቂያ ምርቶች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ናቸው። ሆኖም በገበያ ላይ ዱቄት ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ፣ ስም በሌለው ብልቃጥ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሸጥ ታገኛላችሁ። ይህን አትግዙ። ርካሽ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ሻጩም አያውቅም።

የታሸገውን ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሲ.አይ. የሚሉ ፊደሎችና አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር ታያላችሁ። ይህ ቀለሞች በዓለም ዙሪያ የሚታወቁበት ቁጥር ነው። 77019 ማይካ ነው። 77891 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። 77491፣ 77492 እና 77499 ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ አይረን ኦክሳይድ ናቸው። በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዟቸው፤ እንግሊዝኛ የማታነብ እህትም ቁጥሩን ታነባለች። የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕልና በላዩ 12 የሚል ቁጥር ካያችሁ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው 12 ወር መሆኑን ይናገራል። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

የጥፍር ወይም የወረቀት ጌጥ ግሊተር ዓይን ላይ አይወጣም። ብዙው የተቆረጠ ፕላስቲክ ነው፤ ጠርዙ ስለት ነው፤ ዓይንን ይቧጭራል። ልጆች አይሻዶ መስሏቸው የሚገዙት ይህንን ነው። እንዲሁም ለዓይን የተፈቀደ ቀለም ሁሉ ለከንፈር አይሆንም፤ ለከንፈር የተፈቀደውም ሁሉ ለዓይን አይሆንም። ለምሳሌ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም በአሜሪካ ሕግ ለዓይን አካባቢ ተፈቅዷል፤ ለከንፈር ግን አልተፈቀደም፣ ይዋጣልና። ስለዚህ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠራጠሩ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላንሳ። የማይካ ድንጋይ በብዛት ከሚለቀምባቸው ቦታዎች መካከል የህንድ ጃርካንድና ቢሃር ግዛቶች ይገኛሉ። እዚያ ድሃ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ እንደሚለቅሙ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እኛ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ለማቆየት የምንቆጥብ እናቶች ነን፤ ጉዳዩ አይገባንም ማለት አንችልም። በፋብሪካ የሚሠራ ማይካ አለ፤ ስሙ ሲንተቲክ ፍሎርፍሎጎፓይት ይባላል። ብልቃጡ ላይ ካገኛችሁትና ዋጋው ከተስማማችሁ ምረጡት። ብልጭታውም አያንስም።

ስለ ኩል

ዱቄት ለዓይን ማድረግ ለእኛ አዲስ አይደለም። የጥንት ግብጻውያን አረንጓዴውን ማላካይትና ጥቁሩን ጋሌና ፈጭተው ይኳሉ ነበር። የእኛም አያቶች ኩል በብልቃጥ፣ መኳያውን በጎኑ ይዘው ኖረዋል። በሠርግ ዘፈናችን ሳይቀር ኩል ይነሳል። ይህን ቅርስ ለማቃለል አልቆምኩም።

ነገር ግን ጋሌና ማለት የእርሳስ ማዕድን ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን፣ በእንግሊዝኛ ሊድ የሚባለው መርዛም ብረት። በድንጋይ ተፈጭቶ የሚሸጥ ኩል በተለያዩ አገሮች ሲመረመር ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ የሆነ ናሙና ተገኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። እርሳስ በተለይ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። እናት የተኳለችውን ዓይኗን በነካ እጇ ሕፃኗን ታጎርሳለች። ሕፃኑ ራሱ ሲኳል ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል።

ሊኳሉ ሄደው ዓይን ማጥፋት የሚባለውን ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፦ የሕፃናትን ዓይን አንኳል። ለራሳችን ደግሞ ጥቁር የምንፈልግ ከሆነ 77499 የሚል ቁጥር ያለበት የታሸገ የኩል እርሳስ አለ፤ ጥቁረቱ የሚመጣው ከአይረን ኦክሳይድ ነው። ባህሉ ይቆያል፤ የሚቀየረው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው።

ስንዋዋስ

በሠርግ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሙሽራዋና አራት ሚዜዎቿ በአንድ መስተዋት ፊት ተሰልፈው፣ አንድ ብሩሽ ከአንዷ ዓይን ወደ ሌላዋ ዓይን ሲዞር ውሏል። ከሚዜዎቹ የአንዷ ዓይን ከጠዋት ጀምሮ ቀልቶ ነበር። ማንም ክፋት አልነበረበትም፤ ጥድፊያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋን ጨምሮ ሦስቱ ዓይናቸው በእዥ ተጣብቆ ነቁ።

አገራችን የትራኮማ ጫና በዓለም እጅግ ከከበደባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። ትራኮማ በዓይን እዥ አማካይነት፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ልጆችን የሚንከባከቡት ሴቶች ስለሆኑ በበሽታው ለመታወር የሚደርሱት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው። ሌሎች የዓይን ኢንፌክሽኖችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ከዓይን ዓይን የሚዞር ብሩሽ፣ ፎጣና ጣት የበሽታው መንገድ እንዳይሆን መከልከል በእጃችን ነው።

ለእያንዳንዷ ሴት ንጹሕ ብሩሽ ይቅረብ። ብሩሽ ካነሰ ጫፉ ጥጥ የሆነ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት እንጨት ለመጫን ይሆናል። የታጠበ የቀለበት ጣትም ከቆሸሸ ብሩሽ ይሻላል። ብሩሽ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ ፀጉሩ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይድረቅ። ማውጫውና ሳህኑ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። ዓይኗ የቀላ ወይም እዥ ያለባት ሴት ከመጣች ዓይኗን አትቀቡ፤ ከንፈሯንና ጉንጯን አሳምሩና ሐኪም እንድታይ ምከሯት። ትከፋ ይሆናል። ምክንያቱን በአክብሮት ንገሯት፤ በሚቀጥለው ሠርግ የምትፈልገው እናንተን ነው።

ደንበኛ ይህን ሁሉ ያያል። ብሩሹን ፊቷ ስትጠርጉ፣ ዱቄቱን በማውጫ ስታወጡ፣ ከተረፈው ሳትመልሱ ስታይ «ይቺ ሥራዋን ታውቃለች» ትላለች። ከእኛ ጎዳና በላይ ያሉት ትልልቅ ሳሎኖች መብራትና ወንበር አላቸው፤ ንጽሕናን ግን በገንዘብ አይበልጡንም።

ሐሳቤ

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው ይህን ነው። በሜካፕ ሥራ ላይ ያለነው አባላት ብሩሽ፣ አልኮል፣ ጥጥና ማውጫ በየግላችን በችርቻሮ እየገዛን ነው። ከተዘዋዋሪው ፈንድ በጋራ በጅምላ ይገዛ፤ እያንዳንዳችን የወሰድነውን ከሠርጉ ወራት በኋላ እንመልስ። ለእያንዳንዷ ሠራተኛ ቢያንስ ሁለት ሙሉ የብሩሽ ስብስብ ቢደርሳት አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። አዲስ የሚጀምሩ እህቶችም ብድር ሲወስዱ በመጀመሪያ ይህን ዕቃ እንዲገዙ፣ ቀለሙን ቀጥለው እንዲያሟሉ ኮሚቴው ይምከራቸው። እኔም በሚቀጥሉት ሁለት ስብሰባዎች ከሰዓት በኋላ ቆይቼ አቀባቡን በተግባር ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ።

ለደጋፊዎቻችን፣ በተለይም በውጭ አገር ለምትኖሩ እህቶቻችን፣ አንድ ቃል አለኝ። በሻንጣ የምትልኩልን ሜካፕ በፍቅር እንደሚላክ እናውቃለን፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን የተከፈተ ወይም ጊዜው ያለፈበት የዓይን ሜካፕ አትላኩልን፤ ልንጠቀምበት አንችልም፣ መጣሉም ያሳዝነናል። በምትኩ አንድ ያልተከፈተ ዕቃ፣ ወይም የዚያኑ ዋጋ ያህል ብሩሽ ብትልኩልን ለብዙ ሙሽሮች ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ጊዜው የጥያቄ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ብልቃጥ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ የጥጥ እንጨትና የእጅ መታጠቢያ አለ። በእጃችሁ ጀርባ ላይ አንዱን ጎን ጥረጉት፣ ሌላውን ተጫኑት፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታያላችሁ። እናቶች ቀድማችሁ ኑ፤ ቡናውም እየቀረበ ነው።